ማን ወዴት ይሄዳል? የአውስትራሊያ እግር ኳስ ደጋፊዎችና የዝውውር ወሬ

በሜልበርን የእግር ኳስ ወሬ የሚብሰው ኳሱ ከቆመ በኋላ ነው። የአገሩ ሰው በቁልምጫ “ፉቲ” የሚለው የአውስትራሊያ እግር ኳስ የዋንጫ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ይካሄዳል። ብዙም ሳይቆይ በኦክቶበር አሥር ቀን ገደማ የሚቆይ የተጫዋቾች ዝውውር ይከፈታል። በዚያ ሰሞን ባቡር ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ሁሉም ሰው የክለብ ሥራ አስኪያጅ ነው። “እሱን ሰጥተን ያኛውን ብናመጣ” የማይል የለም።

የምኖረው እዚሁ ሜልበርን ስለሆነ ይህን ወሬ በየዓመቱ እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ወላጅ ጨዋታውን ካወቀ አብሮ ሊያወራ ይችላል። ከወሬው ጀርባ ስላለው ሰው ለልጁ የሚነግረው ነገርም ያገኛል።

ገንዘብ የማይከፈልበት ገበያ

የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ለለመደ ሰው የፉቲ ዝውውር እንግዳ ነው። አንዱ ክለብ ለሌላው የዝውውር ገንዘብ አይከፍልም። ተጫዋች በተጫዋች፣ ወይም ተጫዋች በምርጫ ተራ ይለወጣል። የምርጫ ተራ የሚባለው ክለቦች በየዓመቱ በኖቬምበር ወጣቶችን ከሚመርጡበት ከ“ድራፍት” የሚመጣ ነው። በመርሕ ደረጃ በውድድሩ መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል። ይህ ተራ ራሱ እንደ ዕቃ ይለወጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተራ እንኳ ከወዲሁ ሊሰጥ ይችላል።

ሌሎች ሦስት ደንቦችም አሉ። አንደኛ፣ የደመወዝ ጣሪያ ስላለ ሀብታም ክለብ ኮከቦችን ሁሉ መሰብሰብ አይችልም። ሁለተኛ፣ ውል ያለው ተጫዋች ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ ክለብ አይላክም። ሦስተኛ፣ ከ2012 ጀምሮ አንድን ክለብ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ነፃ ተጫዋች ሆኖ መሄድ ይችላል፤ የቀድሞ ክለቡም ለካሳ የምርጫ ተራ ሊያገኝ ይችላል።

ደጋፊው እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። ክለቤ ምን ይጎድለዋል? ማን ውሉ አልቋል? ምን ብንሰጥ እሺ ይሉናል? ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ከሒሳብ የቤት ሥራ የበለጠ ያስባል።

ወሬው የሳተበት ዓመት

በ2013 ከሁሉ በላይ የተወራለት ሰው የሆውቶርኑ አጥቂ ላንስ ፍራንክሊን ነበር። አብዛኛው ሰው ወደ አዲሱ ክለብ፣ ወደ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ፣ ይሄዳል ብሎ ደምድሞ ነበር። እሱ ግን ወደዚያው ከተማ ሌላኛው ክለብ፣ ወደ ሲድኒ ስዋንስ ሄደ። ውሉ የዘጠኝ ዓመት ሲሆን ወደ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚያወጣ ተዘገበ።

ያን ጊዜ “ማን አተረፈ?” የሚለው ክርክር ጦፈ። ፍራንክሊን በሲድኒ ማሊያ ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ጨዋታ ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በማርች 2022 ደግሞ 1,000ኛ ጎሉን ሲያስቆጥር በሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ሜዳውን አጥለቀለቀው። አተረፈ ወይስ ከሰረ? ዛሬም መልሱ እንደተናጋሪው ነው።

የፉትስክሬይ ልጆች የሚያውቁት ታሪክ

ፉትስክሬይ የሜልበርን ምዕራብ ሰፈር ነው። ብዙ የእኛ ምግብ ቤቶች፣ የቡናና የቅመም ሱቆች ያሉት እዚያ ነው። የዌስተርን ቡልዶግስ ክለብ ቤትም እዚያው ሰፈር ነው፤ ቀድሞ ስሙ ራሱ ፉትስክሬይ ነበር።

በ2014 የቡልዶግስ አምበል ራያን ግሪፈን ወደ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ መሄድ እንደሚፈልግ አሳወቀ። አምበል የሄደበት ደጋፊ ሐዘኑ ቀላል አይደለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክለቡ በምላሹ ቶም ቦይድን አመጣ። ቦይድ በ2013 ድራፍት የመጀመሪያው ተመራጭ ነበር፤ ዕድሜው 19፣ በትልቁ ሊግ የተጫወተው ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ። ክለቡ ግሪፈንንና 6ኛውን የምርጫ ተራ ሰጠ። የቦይድ ውል የሰባት ዓመት ሆኖ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተነገረ።

ከዚያ በኋላ ልጁ ስሙ ሳይሆን ዋጋው ቀድሞት ይሄድ ጀመር። ጎል ሲስት “ለዚህ ነው እንዴ ሚሊዮን የሚከፈለው?” ተባለ። ቡልዶግስ በ2016፣ ከ1954 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዋንጫ ሲያነሳ ቦይድ በዋንጫው ጨዋታ ሦስት ጎል አገባ። በመጨረሻው ሩብ ከሩቅ የመታት ኳስ እየነጠረች በምሰሶዎቹ መካከል ስትገባ ምዕራብ ሜልበርን በሙሉ ጮኸ። የተሸነፈው የፍራንክሊን ክለብ ሲድኒ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ2017 ግን ቦይድ ለአእምሮ ጤንነቱ ሲል ከጨዋታ ዕረፍት ወሰደ። በ2019፣ ውሉ ገና ሳያልቅ፣ በ23 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ስለ ጭንቀትና ስለ ድብርት በአደባባይ ተናገረ፤ ይህም ዝም ብለው ለሚሠቃዩ ወጣቶች በር ከፈተ። የደጋፊው ወሬ ብቻውን አሳመመው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በ19 ዓመቱ በየሄደበት የዋጋው መጠን የሚነገረው ልጅ ሸክሙ ቀላል አይሆንም።

ናፍቆትም ደንብ አለው

ወጣቱ በድራፍት ሲመረጥ ክለቡን እሱ አይመርጥም። የሜልበርን ልጅ ፐርዝ፣ የፐርዝ ልጅ ብሪዝበን ሊደርሰው ይችላል፤ በረራው ሰዓታት ይወስዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ “ወደ ቤቴ መልሱኝ” ይላሉ። ፓትሪክ ዴንጀርፊልድ በጂሎንግ አቅራቢያ ያደገ ልጅ ነው። በ2007 አደሌድ መረጠው፤ በዚያም ኮከብ ሆነ። በ2015 መጨረሻ ወደ ጂሎንግ ተመለሰ፤ በማግስቱ ዓመት የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ የብራውንሎው ሜዳልያን፣ አገኘ። በ2022 ደግሞ ዋንጫ አነሳ።

ለአንዳንድ ደጋፊ እንዲህ ያለው ሰው “ከዳተኛ” ነው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ግን እናቱ ወዳለችበት መመለስ የፈለገን ልጅ ከዳተኛ ለማለት አንደበቱ እንዴት ይታዘዝለታል?

መሄዱ የጠቀመውም አለ። አሊር አሊር በኬንያ በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ ተወለደ። በ2020 መጨረሻ ሲድኒ ለፖርት አደሌድ ሲሰጠው የተቀበለው አንድ የሁለተኛ ዙር የምርጫ ተራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አሊር የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። በገበያው የተሰጠው ግምትና የሰውየው አቅም አልተገናኙም።

ከልጆች ጋር ስታወሩ

አበው “ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር” ይላሉ። ልጃችሁ “እገሌ ሊሄድ ነው” ብሎ ሲመጣ ጠይቁት። ውሉ መቼ ያልቃል? ራሱ ተናግሯል ወይስ ሌላ ሰው ነው ያወራው? ይህ ወሬ ቢወጣ ማን ይጠቀማል? የተጫዋች ወኪል ደመወዝ ለማስጨመር፣ ክለብም ዋጋ ለማስወደድ ጭምጭምታ ሊያስወራ ይችላል። ይህን መመርመር የለመደ ልጅ ነገ ሌላውንም ወሬ ሳያጣራ አይውጥም።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ “አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?” በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ሲነሳ ወሬው መልኩን ይለውጣል። ልጆቹ ስለ ምርጫ ተራ ማውራት ትተው ስለ እናት፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ አዲስ ከተማ ያነሳሉ። ከዚያ መልሰው ወደ ክለባቸው ይገቡና “ቢሆንም አጥቂ ያስፈልገናል” ይላሉ። ይበሉ፤ ደጋፊ ናቸው።