ይህ ፓራፋንጎ የየትኛው ቮልስ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ማየት ዛሬም ብርቅ አይደለም፡፡ መኪናው ግን በጀርመን መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ስለዚህ ፓራፋንጎው የተጨፈለቀበት ወይም ኮፈኖውን ዝገት የበላበት ባለቤት ዕቃ የሚፈልገው ሶማሌ ተራ፣ ወይም ከተፈታ መኪና ላይ ነው፡፡ ሻጩ «የቮልስ ነው» ይላል፡፡ እውነቱን ነው፤ ጥያቄው የየትኛው ቮልስ የሚለው ነው፡፡ ሳይጣራ የተገዛ ላሜራ ባትላሜራው እጅ ሲገባ ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ በስቱኮ ይሞላል፤ በመጨረሻ ለማንም መኪና የማይሆን ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል፡፡

የቮልስ ቅርጽ ለአሥርተ ዓመታት ያልተለወጠ ስለሚመስል ዕቃውን በጥቅሉ አይቶ መለየት ያሳስታል፡፡ መታየት ያለባቸው ቀዳዳዎቹና ጠርዞቹ ናቸው፡፡

ትልቁ ድንበር ኦገስት 1967 ነው፡፡ ከዚያ በፊት የፊት መብራቱ የፓራፋንጎውን ቁልቁለት ተከትሎ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ቆመ፡፡ ፓራውልቱም ከፍ ስላለ ማሰሪያው የሚያልፍበት ቀዳዳ ቦታ ቀየረ፤ ኮፈኖውም ከታች አጠረ፡፡ አንድ ወጥመድ ግን አለ፡፡ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የ1967 ሞዴል መብራቱ የቆመ፣ ፓራውልቱ ግን የድሮው ነው፡፡ መብራቱን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ፓራውልቱ አልገጥም ሲለው ይደነቃል፡፡

ኋላ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፡፡ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኋላ መብራቱ ትልቅና ክብ ሲሆን ፓራፋንጎውም አብሮ ተለወጠ፡፡

ኮፈኖ የበለጠ ያምታታል፡፡ (ሞተሩ ከኋላ በሆነ መኪና የዕቃ መጫኛውን ክዳን ኮፈኖ ማለታችን ራሱ ያስቃል፤ የጀርመኑን መኪና የምንጠራው ከጣሊያን በወረስነው ቃል ነው፡፡) ከ1970 ጀምሮ የወጣው 1302 አፍንጫው ስለረዘመ ኮፈኖው ሰፋና ጎበጥ ያለ ነው፤ ተራው ቮልስ ላይ አይገጥምም፡፡ መስታወቱ የጎበጠው 1303 ደግሞ ከ1302 ያጠረ የራሱ ኮፈኖ አለው፡፡

የፋብሪካ ቁጥር ያለው ዕቃ የተገኘ እንደሆነ ክርክሩ ያበቃል፡፡ ለምሳሌ 113 821 021 የሚለውን እንውሰድ፡፡ የመጀመሪያው ክፍል የመኪናውን ዓይነት ይናገራል፤ በ211 ቢጀምር የኮምቢ ነበር፡፡ መካከለኛው በ8 ሲጀምር የቦዲ ዕቃ ነው፤ 821 የፊት ፓራፋንጎ፣ 823 የፊት ኮፈኖ ነው፡፡ ጥንድ ለሆኑ ዕቃዎች የመጨረሻው አኃዝ ጎዶሎ ከሆነ የግራ፣ ሙሉ ከሆነ የቀኝ ነው፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ከሹፌሩ ወንበር ሲታይ ነው፡፡

የሊብሬውን ዓመት ይዞ መሄድ ብቻውን አይበቃም፡፡ ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር በመሆኑ መኪናው ላይ ያለው ራሱ ከሌላ ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላል፡፡ የሚሻለው አሮጌውን ፈትቶ፣ ቦዲው ላይ ባለው ማሰሪያ መስመር ጋዜጣ ዘርግቶ የብሎን ቀዳዳዎቹን ምልክት ማድረግና ያንን ወረቀት ይዞ ገበያ መውጣት ነው፡፡ ማግኔት መያዝም አይከፋም፤ ስቱኮ በወፍራሙ የተለቀለቀበት ቦታ ላይ አይይዝም፡፡