የሁምቦ ደን ለወፍጮና ለጎተራ በቃ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚወርድ መንገደኛ፣ የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጠበላ ከተማ ሲደርስ የሁምቦን ተራራ ይመለከታል። ተራራው ዛሬ በዛፍ ተሸፍኗል። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ለብዙ ጊዜ ተራቁቶ የቆየ ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጦ፣ የተረፈው ቡቃያ በከብት ተግጦ ስላለቀ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ በግርጌው ባለው ማሳ ላይ ይደፋው ነበር።

ሁምቦ ለልማት ሥራ እንግዳ አይደለም። በአጭሩ ዋዱ እየተባለ ይጠራ የነበረው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማከፋፈሉም በላይ፣ በደጋው የመሬት ጥበት የተቸገሩ ገበሬዎችን በአበላ ቆላ አስፍሯል። የጋራ የሆነው ተራራ ግን ሁሉም የሚቆርጠው፣ ማንም የማይጠብቀው ሆኖ ቀረ።

ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ወርልድ ቪዥን ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር ባስጀመረው ፕሮጀክት 2,728 ሄክታር መሬት ከልቅ ግጦሽና ከቆረጣ ተከለለ። የአካባቢው ነዋሪዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም ሕጋዊ መብት አገኙ።

ሥራው በአመዛኙ ችግኝ መትከል አልነበረም። ከመሬት በታች የብዙው ጉቶ ሥር ገና ሕይወት ነበረው። ገበሬው ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራዎቹን ጥቂት ቀንበጦች መርጦ ያስቀራል፤ ሌላውን ይገርዛል፤ የገረዘውንም ለማገዶ ይወስዳል። ይህን ዘዴ አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒጀር ሲያስፋፋው ቆይቷል። በሁምቦም ከተከለለው መሬት ከዘጠኝ እጅ በላይ የሚሆነው በዚሁ መንገድ አገግሟል። ችግኝ የተተከለው ጉቶ ባልተገኘበት ቦታ ብቻ ነው።

ሆኖም ክለላው በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። መንግሥት መሬቱን ሊወስድብን ነው የሚል ሥጋት ነበር። ፍየሉን በተራራው ላይ ለሚያሰማራና ከሰል ሸጦ ጨው ለሚገዛ ቤተሰብ «አትግባ» መባል ትልቅ ጉዳት ነው። ሥጋቱ የቀለለው የመጠቀም መብቱ ለማኅበራቱ ሲረጋገጥና አባላቱ ሣር እያጨዱ ለከብቶቻቸው መውሰድ ሲጀምሩ ነው።

ደኑ ገንዘብም አስገኝቷል። ዛፍ ሲያድግ ከአየር የሚስበው ካርቦን በቶን ተሰልቶ ይሸጣል። የሁምቦ ፕሮጀክት በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ስልት ሲመዘገብ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ሆነ። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ በ2005 ዓ.ም. መግቢያም ለ73 ሺህ ቶን ያህል ማረጋገጫ ተሰጠ።

ማኅበራቱ ካገኙት ገቢ ወፍጮ ቤትና የእህል ጎተራ ሠርተዋል። የዚህን ትርጉም የሚያውቀው የገጠር ሰው ነው። ወፍጮ በቅርብ ሲገኝ እናቶች እህል ተሸክመው ረጅም መንገድ ከመሄድ ይድናሉ። ጎተራ ሲኖር ደግሞ ገበሬው በመኸር ወራት በቆሎውን በርካሽ ሸጦ፣ በበልግ ረሃብ ጊዜ ያንኑ በቆሎ በውድ ለመግዛት አይገደድም። በወላይታ ማሳው ለምልሞ እየታየ ቤት ውስጥ የሚበላ የሚታጣበት ወቅት እንዳለ የሚያውቅ ሁሉ የጎተራን ጥቅም ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ የካርቦን ውል የጊዜ ገደብ ያለው ነው። ወፍጮው ለመለዋወጫውና ለነዳጁ፣ ጥበቃውም ለደመወዙ የራሱ ገቢ ያስፈልገዋል። ወላይታ ሕዝቡ የበዛበት፣ የእርሻ መሬቱ የጠበበበት አገር ስለሆነ፣ መሬት ያላገኘው ወጣት ወደ ተራራው ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ ማኅበራቱ ሒሳባቸውን በየጊዜው ለአባላት ማስታወቅ፣ ወጣቶችንም በንብ ማነብና በሣር ሽያጭ የደኑ ተካፋይ ማድረግ ይገባቸዋል።

ጉቶው ያቆጠቆጠው ሰው መቁረጡን ስለተወ ነው። ተራራው ጸንቶ የሚቆየውም የሚጠብቀው ሰው ከጥቅሙ እስከተካፈለ ድረስ ነው።