አኩኩሉ… አልነጋም!

ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ያለበት ቤት ምክር አያጣም። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር»፣ «አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል!» ይባላል። አንዳንዴም እውነት ነው፤ ዘግይተው ጓደኞቻቸውን የሚደርሱ ብዙ ናቸው። የትኛው ልጅ እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እጅን አጣጥፎ ከመጠበቅ መጫወት ይሻላል።

የሳሙና አረፋን እንውሰድ። እናት እፍ ትላለች፤ አረፋው ይበተናል፤ ልጁ እየሳቀ ያባርረዋል። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ትዘጋና ጠርሙሱን ፊቱ አስቀምጣ ዝም ትላለች። ልጁ ጠርሙሱን ያያል፣ ፊቷን ያያል፣ እጇን ይጎትታል። እሷ በልቧ እስከ አሥር ትቆጥራለች። «በል እንጂ፣ አረፋ በል!» አትለውም። «አ!» የምትል ድምፅ ካመለጠችው ግን ወዲያው «አረፋ!» ብላ ቃሉን ትሞላለታለች፤ ክዳኑ ይከፈታል፣ እፍ! ልጁ በዚያች ቅጽበት ድምፅ ክዳን እንደሚያስከፍት ያውቃል።

እፍ ማለቱ ራሱ የአፍ ጡንቻን አጠንክሮ ንግግር ያመጣል የሚሉ አሉ። ይህን የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ጥቅሙ ያለው ዝምታው ላይ ነው፤ ለእኛ ለወላጆች ከባዱም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካናዳ ውስጥ የተጀመረው የሃነን ፕሮግራም ለወላጆች ከሚያስተምራቸው ነገሮች ዋናው ይኸው ነው፦ አስተውል፣ ጠብቅ፣ አድምጥ።

ለዚህ ሥራ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። ድብብቆሽ አለን። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» ሲል ተደባቂው «አልነጋም!» ይላል። ተደብቆ እስኪጨርስ ድረስ መልሱ አንድ ነው፣ ቦታውም አይለወጥም፤ «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ከሚፋጠጥ ልጅ ይልቅ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ለመናገር ይደፍራል። መጀመሪያ ሁለቱንም እርስዎ ይበሉለት። ጨዋታው ሲለመድ «አልነ…» ብለው ያቁሙና ይጠብቁ። «ጋ» ብቻ ብትወጣም ተናግሯል። ከፍ ሲል «እንቆቅልሽ» እና «ምን አውቅልህ» ይቀጥላሉ። ቃል ሲጀምር ደግሞ አንድ ይጨምሩለት፤ እሱ «ኳስ» ካለ እርስዎ «ትልቅ ኳስ»።

ፊደላችንም ያጫውታል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ ሲባል ከንፈር ሲገጥም፣ ሲሾል፣ ሲከፈት በግልጽ ይታያል፤ መስታወት ፊት ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ መሞከር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ዘሚ የኑስም አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተው ነበር።

ስልክ ላይ ያሉት ጨዋታዎችስ? ድመቷ ሚያው ትላለች፣ ላሟ እምቧ ትላለች፤ ልጁ ዝም ቢልም ግን እነሱ ይቀጥላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመክርም፤ ለ2 ዓመት ልጅም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ይላል።

ውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር፦ «ሁለት ቋንቋ ነው ያደናገረው» ተብላችሁ አማርኛውን እንዳትተዉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም።

ልጁ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላያያዘ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይላቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ ሐኪም ይየው። ከሁሉ በፊት ጆሮውን ያስመርምሩለት።