ሶላሪስ፦ በብርድ አገር ቀድሞ የሚደርስ ነጭ ወይን

የወይን ተክል ፀሐይና ሙቀት ወዳድ መሆኑ የታወቀ ነው። በዴንማርክና በስዊድን ለገበያ የሚሆን ወይን ጠጅ ማምረት ለረጅም ዘመን ያልታሰበበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ሞቃቱ ወራት አጭር በመሆኑ ፍሬው ሳይበስል ውርጭ ይቀድመዋል። ዛሬ በሁለቱም አገሮች በብዛት የሚተከለው ሶላሪስ የተባለው ነጭ ዲቃላ ዝርያ ነው።

ሶላሪስ እ.ኤ.አ. በ1975 በጀርመን አገር፣ በፍራይቡርግ የወይን ምርምር ተቋም፣ በኖርበርት ቤከር የተዳቀለ ነው። አንዱ ወላጅ መርዝሊንግ የተባለ የዚያው ተቋም ዝርያ ሲሆን፣ በሌላው ወላጅ በኩል የሩቅ ምሥራቅ እስያ የዱር ወይን ደም አለበት። ዳውኒ ሚልዲው የተባለውን የቅጠል ሻጋታ መቋቋሙ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ማሳሰብ ያስፈልጋል። ዝርያው ለብርድ አገር ነው መባሉን ሰምቶ ለደጋችንም ይሆናል ማለት አያስኬድም። በኮፐንሃገን በጁን ወር አንዱ ቀን ከ17 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው፤ በበረዶው ወራት ደግሞ ተክሉ ቅጠሉን አርግፎ ያርፋል። በእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም የቀኑ ርዝመት ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ተክሉን የሚያሳርፍ የበረዶ ወራትም የለም። ስለዚህ በሙከራ መደብ ሳይፈተሽ ለማኅበር አባላት ችግኝ ማከፋፈል አይገባም።

ለልማት ሠራተኛው ይበልጥ የሚጠቅመው የአለቃቀሙ ጉዳይ ነው፤ ቀድሞ ለሚደርስ ለማንኛውም ወይን ይሠራልና። ሶላሪስ በፍራይቡርግ አካባቢ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ይደርሳል። ጭማቂው 100 ዲግሪ ኦክስሌ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ይህም ከ13 በመቶ በላይ አልኮል ላለው ወይን ጠጅ የሚበቃ ስኳር ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የጎረቤቱ ወይን ገና ጥሬ ሳለ ይህኛው ስለሚጣፍጥ የአካባቢው ተርብና ወፍ ሁሉ ይጎርፍበታል። ተርብ የነደለው ፍሬ ይሆመጥጣል፤ የተበላሹ ዘለላዎች ሳይለዩ ከገቡም የማኅበሩ በርሜል ወደ ኮምጣጤ ሊያዘነብል ይችላል። ፍሬው መለስለስ እንደ ጀመረ መረብ ማልበስ፣ ስኳሩንም በየሁለትና ሦስት ቀኑ በሪፍራክቶሜትር መለካት ያስፈልጋል። «ጥቂት ቀን ይጨመርለት» ማለት ብዙ ጊዜ ያከስራል፤ ስኳሩ ሲወጣ አሲዱ ይወርድና ወይን ጠጁ ከባድና ለዛ ቢስ ይሆናል። ለቃሚውንም ፍሬው ከደረሰ በኋላ መፈለግ መዘግየት ነው።

ሐረጉ ኃይለኛ ስለሆነ በዘለላዎቹ ዙሪያ ቅጠሉን ማሳሳት ነፋስ ያስገባል፣ ብስባሴን ይቀንሳል።

«ይህ ዝርያ በሽታ አይነካውም» ብሎ ለገበሬ መንገር ግን ስሕተት ነው። ተክሉ የሚከላከልበትን ኃይል ጥሰው የሚያጠቁ የሻጋታ ዓይነቶች በአውሮፓ ታይተዋል። ርጭቱ ከተለመዱት ዝርያዎች እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ በአበባው ጊዜ ግድም፣ ከማበቡ በፊትና ካበበ በኋላ የሚደረገው መቅረት የለበትም።