የፎቶ ጋዜጠኝነትን በዲግሪ ለመማር ለሚፈልጉ፦ አነስተኛ ወጪ ያላቸው አማራጮችና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች የሚኖሩ፣ የፎቶ ጋዜጠኝነትን በዲግሪ ደረጃ ለመማር የሚፈልጉ ወጣቶች በቅድሚያ ሊገነዘቡት የሚገባ ጉዳይ አለ። በአገራችን ፎቶ ጋዜጠኝነት በአብዛኛው ራሱን ችሎ የቆመ የዲግሪ ፕሮግራም ሳይሆን፣ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ውስጥ የሚሰጥ ኮርስ ነው። ስለሆነም መፈለግ ያለበት ይህን ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

ለቤተሰብ አቅም የሚቀርበው አማራጭ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ፕሮግራም ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች በዚህ ፕሮግራም ይመደባሉ፤ ከዚያ በታች ያመጡት በየዓመቱ በሚወሰነው ነጥብ መሠረት የሪሜዲያል ፕሮግራም ሊከታተሉ ይችላሉ። በወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 154/2000 መሠረት ተማሪው ውል ፈርሞ ይማራል፤ የምግብና የመኝታ ወጪውን እንዲሁም ከትምህርት ወጪው የሚጠበቅበትን ድርሻ ከምረቃ በኋላ ከገቢው ይከፍላል። በማታና በተከታታይ ትምህርት የሚማር ግን ክፍያውን በትምህርቱ ወቅት ራሱ ይሸፍናል።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ

ተማሪው በመጀመሪያ የሚመደበው በዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የትምህርት ክፍል የሚደለደለው የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች ካጠናቀቀ በኋላ በውጤት ተወዳድሮ ነው። ስለዚህ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የሌለውን ዩኒቨርሲቲ የመረጠ ተማሪ ከፍተኛ ውጤት ቢያመጣም ዕድሉን ያጣል። የትምህርት ክፍሉ ካላቸውና ለአካባቢው ቅርብ ከሆኑት አንዱ ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን ይሰጣል፤ ይሁንና ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ስለሚቀበል ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ ለመማር የሚያስቡ ደግሞ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በዓመቱ ተማሪ የሚቀበልባቸውን የትምህርት ክፍሎች ከምርጫ በፊት ማጣራት ይኖርባቸዋል።

የግል ተቋም

ለግል ኮሌጅ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ተቋሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘው ዕውቅና መረጋገጥ አለበት። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጥቅሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ፕሮግራምና የማስተማሪያ ስልት በተናጠል ነው። በሌላ ከተማ ለሚገኝ ካምፓስ የተሰጠ ዕውቅና ለደብረ ታቦር ቅርንጫፍ አያገለግልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስለሚጠበቅባቸው፣ ዕውቅና በሌለው ፕሮግራም የተመዘገበ ተማሪ ገንዘቡንም ዓመታቱንም ሊያጣ ይችላል።

የካሜራ ወጪ

ለምዝገባ የግል ካሜራ ማቅረብ አይጠየቅም። ወላጆች ለካሜራ ሲሉ ዕዳ ከመግባታቸው በፊት ተቋሙ ለተማሪዎች የሚያውሰው መሣሪያ መኖሩን መጠየቅ ይጠቅማቸዋል። እስከዚያው የፎገራን የሩዝ አጨዳ፣ የጉናን አርሶ አደሮች ኑሮ ወይም የጋፋትን ታሪካዊ ሥፍራ፣ ባለጉዳዮችን አስፈቅዶ በእጅ ስልክ በማንሳት ልምምድ መጀመር ይቻላል።

አመልካቾች የውጤት ማስረጃቸውን፣ የፈረሙትን የወጪ መጋራት ውልና የክፍያ ደረሰኞቻቸውን ቅጂ ይዘው እንዲያቆዩ ይመከራል።