የእግረኛው ድርሻ

በወላይታ ገጠር ውርስ ሲከፈል ወደ ጠበቃ የሚመጣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ነው። መሬቱ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ለብዙው ገበሬ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። እንሰቱ፣ ቡናውና ጎዳሬው ተጠጋግተው የበቀሉበት ጓሮ ለአምስት ወንድማማች አይበቃም። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጥሪ ሲመጣ ከወላይታ ወረዳዎች ተመዝግበው የሄዱ ልጆች አገራቸውን መውደዳቸውን አልጠራጠርም። የመሬቱ ጥበትም ግን ከውሳኔያቸው ውስጥ ነበረበት።

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ አካባቢ የተጫረው ግጭት ሁለት ዓመት ፈጀ። ሰኔ 11 ቀን 1992 ውጊያው እንዲቆም ስምምነት ተደረገ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። በሁለቱም ወገን የሞተው ሰው ብዙ ጊዜ 70 ሺህ ገደማ ይገመታል፤ ከዚያ የሚያስበልጡትም አሉ። የዛላምበሳ ግንባር በመካከላቸው የሚገኘው አዲግራትም ሰናፌም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። በዚህ ግንባር እግረኛው ጠመንጃውን፣ ጥይቱንና ውኃውን ተሸክሞ ዓለት ይወጣል፤ ከፊቱ ፈንጂ፣ ከበላዩ ምሽግ አለ።

አንዲት እናት ባላቸው ሞተው ከልጆቻቸው ጋር ቢሮዬ መጡ። ልጆቹ የወራሾችን ስም እየጠሩ አስጻፉኝ። እማማ እስኪጨርሱ ጠበቁና “አንዱን አልጻፍከውም፣ ልጄ” አሉኝ። ታላቁ ልጅ “እሱ እኮ የለም፣ እማዬ” ሲል “የለም ያለህ ማነው?” አሉት። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት የሐዋላ ወረቀት አወጡ። እጥፋቷ ላይ ተበልታለች፤ የልጁ ስም፣ “አዲግራት” የሚለው ቃልና “1992” ብቻ ይነበባሉ። መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳ ድንበር ሲከፈት ልጄ ይመጣል ብለው ጠብቀው ነበር።

ያቺ ወረቀት በሕግ ዓይን ልጁ በዚያን ጊዜ በሕይወት እንደነበረ እንጂ መሞቱን አታሳይም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለመውረስ አውራሹ ሲሞት በሕይወት መገኘት ያስፈልጋል። ልጁ ልጅ ሳይተው ከአባቱ ቀድሞ ከሞተ ድርሻ የለውም፤ ግን ሞቱ መረጋገጥ አለበት። ማስረጃ ሲታጣ ቀላሉ መንገድ አንቀጽ 154 ነው፤ ለሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ጥቅም ያለው ሁሉ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

ለጦር ግንባር ሟች ይህን መንገድ አልወደውም። የመጥፋት ውሳኔ የተፈጠረው ከቤቱ ወጥቶ የት እንደገባ ላልታወቀ ሰው ነው። ይህ ልጅ ግን ስሙ ተመዝግቦ፣ ከነመሣሪያ ቁጥሩ ታውቆ፣ ጓዶቹ እያዩት በሚታወቅ ተራራ ላይ ነው የወደቀው። መዝገቡ “ጠፍቷል” ካለ እናትየውም መንገድ መንገዱን ማየት አይተዉም።

ስለዚህ ጓድ ፈለግን። ጥቂት ወራት ፈጅቶ አረካ ላይ በአንድ ሻምበል አብሮት የነበረ ሰው ተገኘ። ችሎት ቀርቦ በግንቦት 1992 ሌሊት ዳገቱን እንዴት እንደወጡ፣ ልጁ የመትረየስ ጥይት ሳጥን ተሸክሞ እንደነበር፣ ደረቱን ሲመታ ከእርሱ በስንት እርምጃ እንደሚርቅ ተናገረ። መሬቱ ዓለት ስለሆነ አልተቆፈረም፤ ድንጋይ ከመሩበት። ወንድሞቹ ይህን የሰሙት ያን ዕለት ነው። ፍርድ ቤቱ ሞቱን አረጋገጠ፤ ቦታውና ወሩም በውሳኔው ሰፈረ። ወላጅ የተተኪ አበል ሲጠይቅ በሟቹ ይረዳ እንደነበር ማሳየት ስላለበት፣ ያቺ የሐዋላ ወረቀት ለዚያ ፋይል ተቀመጠች።

ሞትን የማስረዳቱን ሸክም ሠራዊቱ የሟቹን ማስረጃ ቤት ድረስ በማድረስ ማቅለል ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ያ እስኪሆን ያለን የጓዶቻቸው ቃል ነው፤ እነርሱም ዕድሜያቸው ሃምሳን እየነካ ነው። በቦዲቲ፣ በገሱባ፣ በበሌ ያላችሁ የዚያን ጊዜ ወታደሮች፣ አጠገባችሁ የወደቀውን ሰው ስም፣ ክፍሉን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የት እንደተቀበረ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ፍርድ ቤት በአካል የሚሰጥን ምስክርነት ቢያስቀድምም ጽሑፉ ቤተሰቡን ወደ እናንተ ይመራዋል። አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ስጡ፤ ስልካችሁንም ጻፉበት።