ከካርታ የጠፋችው አቨን

ብሪስቶል ውስጥ አንድ ስካውት ሸሚዙን ሲለብስ ቀኝ እጅጌው ላይ የአቨን ካውንቲ ባጅ ይታያል። የዛሬውን የእንግሊዝ አስተዳደር ካርታ ዘርግቶ አቨንን የሚፈልግ ሰው ግን ወንዙን እንጂ ካውንቲዋን አያገኝም።

ካውንቲ ለእኛ ክፍለ ሀገር እንደማለት ነው። አቨን የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዝ ወሰኖቿን እንደገና ስታካልል ሲሆን፣ ብሪስቶልን ከግሎስተርሺርና ከሰመርሴት ከተቆረሱ አካባቢዎች ጋር ያዘች። ስካውቶችም የራሳቸውን ካርታ በአዲሱ ወሰን አስተካከሉ። በ1996 መንግሥት አቨንን አፍርሶ ለአራት አስተዳደሮች ሲያከፋፍላት ግን አልተከተሉትም። ሀምበርሳይድ የተባለችው ካውንቲም በዚያው ዓመት ፈረሰች፤ የእሷም ስም በስካውቶች ዘንድ ቀረ።

ለምን? መልሱ ከአጀማመሩ ይገኛል። በ1908 የስካውት መሥራቹ የሮበርት ቤደን ፓውል መጽሐፍ በየሁለት ሳምንቱ በክፍል በክፍል ሲወጣ፣ ልጆች ማንንም ሳይጠይቁ ተሰባስበው ቡድን መሠረቱ። የአካባቢ ኮሚቴና ኮሚሽነር የመጣው ከኋላቸው ነው። ልጆቹ በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቡድን መሠረቱ ሆነ፤ በርከት ያሉ ቡድኖች ዲስትሪክት፣ ዲስትሪክቶች ደግሞ ካውንቲ ይሆናሉ። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው ከሥራ መልስ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ድንኳን የሚዋዋሱ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ልጆቹን የሚረከብለት ሰዎች በደብዳቤ አይለያዩም።

ይህ ማለት ግን ወሰኑ አይነካም ማለት አይደለም። ልጅ ሲያንስ ወይም መሪ ሲጠፋ ጎረቤታሞች ይዋሃዳሉ። ሲዋሃዱ ሁለቱንም የቀድሞ ቁጥር በስማቸው ውስጥ ይዘው የሚቀጥሉ ቡድኖች አሉ፤ ማንም ተውጦ እንዳይቀር።

አንዳንዴ ወሰኑ ባለበት ሆኖ ሥራው ይለወጣል። ከ2002 ጀምሮ ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉት ወጣቶች ኤክስፕሎረር ስካውት ተብለው ከቡድኑ ወጥተው በዲስትሪክቱ ሥር ሆኑ። እስከዚያ ቡድኖችን ማስተባበር ላይ ያተኮረው ዲስትሪክት የራሱን ወጣቶች ይይዝ ጀመር።

አሜሪካ ሌላ ነው። እዚያ ካውንስል የሚባለው አካል በሕግ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ ደመወዝተኛ ይቀጥራል፣ ብዙ ጊዜም የካምፕ መሬት አለው። አባል ሲቀንስ ወጪው አብሮ አይቀንስምና ውህደቱ ሰፊ ይሆናል። በ2012 በሚሺጋን ዘጠኝ ካውንስሎች አንድ ሆኑ። ዩታ የደረሰባት ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ ከ1913 ጀምሮ የስካውት አጋር የነበረችው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ2019 ማብቂያ ስትወጣ፣ በ2020 ሦስቱ ካውንስሎች ወደ አንድ ተጠቀለሉ።

በምዕራብ ለንደን የሚድልሴክስ ካውንቲ አስተዳደር በ1965 ፈርሷል። ስሟን የያዘው የስካውት ካውንቲ ግን ዛሬም ልጆች ይመዘግባል።